ላልቶ ሲነበብ

በ2072 ዓ.ም. ከጥቅምት መባቻ ጀምሮ፣ በየቀኑ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ራሴን በቴሌቪዥን ሳይ ከረምኩ። ራሴን ስል የዛሬ አርባ አራት ዓመቱን ራሴን ማለቴ ነው። አራት ጣት ያህል አስረዝመውኛል፣ ጥርሴንም አስተካክለውልኛል። ድምፄ ግን የራሴ ነበር። ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኩም፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው የለም።

እኛ ሳይት ላይ ድራማ የሚታየው ኮሚናል ውስጥ ነው። ኮሚናል ድሮ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ በግ እንድናርድበትና ልብስ እንድናጥብበት የተሰጠን የጋራ ቤት ነበር። አሁን አንድ ግድግዳው ሙሉ ስክሪን ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጀሪካናችንን ደጃፉ ላይ ደርድረን እንገባለን። ወንበር ያለው ይቀመጣል፣ የሌለው ግድግዳ ይደገፋል። ድራማው ሲያልቅ ስክሪኑ ሥር ባለችው መስተዋት ላይ አውራ ጣታችንን እናሳርፋለን። በስተቀኝ «አምኛለሁ» ነው፣ በስተግራ «አላመንኩም»። የብሎኩ ሰው በሙሉ ጣቱን ካሳረፈ ውኃ ይለቀቃል። አንድ ሰው ከቀረ አይለቀቅም፤ ስለዚህ ማንም አይቀርም፣ የታመመም ተደግፎ ይመጣል። አምና አራተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ የሺመቤት ያረፉ ጊዜ፣ ጣታቸው ከመዝገብ እስኪሰረዝ ሦስት ቀን ውኃ አልነበረንም። ለቅሶ የመጣው ሰው ፊቱን የታጠበው በታሸገ ውኃ ነው።

በአገሩ ሁሉ ያመነው ካላመነው ከበለጠ የዕለቱ ክፍል ይጸድቃል። የጸደቀው በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የመንገድ ስም ይሆናል፣ ወይም የነበረውን የመንገድ ስም ያስነሣል። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው ትንሽ እንደ ነካው ይቆጠራል።

የዘንድሮው ድራማ ስለ ምንትዋብ ይርዳው ነበር። ምንትዋብን የማያውቅ የለም፤ በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አንገቷን ወደ ግራ ጣል አድርጋ የምትፈተለከው። ከሞተች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ የቡድኑ ወጌሻ ነበርኩ። ለዛሬ ልጆች ወጌሻ ማለት ምን እንደሆነ መንገር ሊያስፈልግ ነው፤ የጠበቀ ጡንቻ በእጁ የሚያሽ፣ የወለቀ የሚመልስ፣ በረዶ ይዞ ሜዳ ጥግ የሚቆም ሰው ነው። አሁን ይህን ሁሉ አልጋው ራሱ ይሠራዋል።

ድራማውን የሚሠራው ተራኪው ነው። ተራኪው ሰው አይደለም። የተጻፈ ነገር ያነብና ያየውን ሁሉ ሰው አስመስሎ ያቆመዋል። ከስምንት ዓመት በፊት «ደብተር ይመለስ» የተባለ ዘመቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ በቤቱ ያለውን የተጻፈ ነገር አስረከበ። የፍቅር ደብዳቤ፣ የስልክ መልእክት፣ የሐኪም ወረቀት፣ ምንም ሳይቀር። እኔም የወጌሻ ደብተሬን ሰጠሁ። ሰማንያ ገጽ ባለ ካሬ ደብተር ነበር፤ ጠርዙን ውኃ በልቶታል፣ ግማሹ ገጽ ቅባት ቅባት ይላል። የተቀበለኝ ሠራተኛ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲቀበለኝ ኩራት ተሰማኝ። የእኔ ቢጤ ጽሑፍ ለታሪክ ሲፈለግ ማን ይጠላል።

ጽሑፉ እንዲህ ነበር የሚሄደው፦

«ሰኞ። ምንትዋብ፣ ግራ ባት ጠብቋል። በረዶ፣ ሃያ ደቂቃ።

ረቡዕ። ምንትዋብ፣ ባት ላልቷል። ትሩጥ።

ዓርብ። ምንትዋብ፣ ቤት ውስጥ ትመታለች። ልጆቹ ፈርተዋል። ዝም ብያለሁ።»

የዓርቡን ያየሁት በክፍል ሃያ ሦስት ነው። ካምፑ ቁልጭ ብሎ መጣ፤ የአልጋዎቹ ቀለም እንኳ አልተሳሳተም። ምንትዋብ በሩን በርግዳ ገባች። በልምምድ ላይ የቀደመቻትን አንዲት አዲስ ልጅ ጸጉሯን ይዛ በጥፊ መታቻት፣ ደገመቻት። ሌሎቹ ልጆች እየተንጫጩ ወጣቱ ጥላዬ፣ ማለትም እኔ፣ ኋላ ተሸሸጉ። ወጣቱ ጥላዬ በሩ ላይ ቆመና «ምንትዋብ፣ በቃ» አለ። በድምፄ። እኔ በሕይወቴ ለማንም ሰው «በቃ» ብዬ አላውቅም። ባሏ አሰልጣኝ ልዑልሰገድ ጥግ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ስንቱን ችሎ የኖረ ሰው መስሏል።

እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ገባኝ። ልጅ ሆነን መምህሩ ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ጽፎ ሁለት ልጅ ያስነሣና ያስነብበን ነበር። አንዱ አላልቶ ያነባል፣ አንዱ አጥብቆ፣ ክፍሉ ይስቃል። ይህም ያ ነው። «ትመታለች» ላልቶ ሲነበብ መቺዋ እሷ ናት። ጠብቆ ሲነበብ ዱላው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ፊደሉ ያው ነው። እኔ አጥብቄ ጻፍኩ፣ ተራኪው አላልቶ አነበበ። ብልህ ብሆን ኖሮ «ተመታች» እል ነበር፣ እሱ አያሻማም። ግን አንድ ቀን ሆኖ ያለፈ ነገር አልነበረም። ትናንትም ነበረ፣ ዛሬም ነበረ፣ ነገም እንደሚሆን አውቅ ነበር። ስለዚህ ለማያቋርጥ ነገር የሚሆነውን ቃል ጻፍኩ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ተነሥቼ ጣቴን በስተቀኝ አሳረፍኩ።

የብሎኩ ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዋሲሁን፣ በወትሮው ጫማዬ ደረጃ ያቆሽሻል እያለ የሚነዘንዘኝ ሰውዬ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣

«ጋሽ ጥላዬ፣ እንዲህ ያሉ ሰው መሆንዎን ሳናውቅ ነው እኮ አብረን የኖርነው» አለኝ። ጀሪካኔንም ከኋላ አንሥቶ ከሰልፉ ፊት አቆማት።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና በጣም ደስ አለኝ። ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊት ቆሜ አላውቅም። አሥራ ሁለት ቀን ጀሪካኔ ከፊት ነበረች፣ እኔም አሥራ ሁለት ቀን በስተቀኝ አሳረፍኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት አርባ አምስትን ያለፈች ሴት በረንዳው ላይ ስትመጣ በመስኮት አየኋት። ስሟን ሳልሰማ አካሄዷን አወቅኩት። ቀኝ እግሯን ስታሳርፍ ተረከዟ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዞራል። ያንን ተረከዝ ስድስት ዓመት ሳሽ ኖሬያለሁ።

«ጋሽ ጥላዬ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። የምንትዋብ ልጅ፣ ግቢ።»

ሃሴት ትባላለች። በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ካምፕ ስትመጣ የበረዶ ሣጥኔን ከፍታ የምትጫወት። አሁን የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ወንበር ሳብኩላት፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ወላጆች ፈርመውብኛል» አለች። «የመቺ ልጅ ልጆቻችንን አታስተምርም ብለው። የሚወሰነው ዓርብ ነው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። ጥፋቱ የእናቴ ነው የተባለው። ክፍል ሃያ ሦስትን ማስተማር ያለብኝ እኔው ነኝ፣ ያውቃሉ? ከጸደቀ ይሰጣላ። ከሥሩ ጥያቄ አለው፣ ‹ምንትዋብ ልጆቹን የምትደበድበው ለምን ነበር? ሁለት ምክንያት ጥቀስ› የሚል። አንዷ ልጅ እጇን አወጣችና ‹ቲቸር፣ አንቺንም ትደበድብሽ ነበር?› አለችኝ። እናቴ እኮ ዝንብ እሽ የማትል ሰው ነበረች፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ታዲያ ደብተሩ የእርስዎ ነው። ያቺን ቃል በአፍዎ ይበሉልኝ።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

«እኔ ለልጆች የማስተምረው ምን ይመስልዎታል? ይጠብቃል፣ ይላላል ነው የማስተምረው። ጽሑፉን በስክሪን ያሳዩ ቀን ነው የጠረጠርኩት። ይበሉልኝ።»

አልኳት። አጥብቄ፣ ቀስ ብዬ።

ሃሴት እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ከዚያ «አባቴ ነው?» አለች።

«አባትሽ ነው።»

«እርስዎስ ያኔ ምን አደረጉ?»

«አሸሁላት» አልኩ።

መጀመሪያ ያየሁት በ2028 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ከልምምድ በኋላ ጠረጴዛው ላይ በሆዷ ተኛችልኝና ማልያዋን ገለጥ ሳደርግ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ስድስት ቀዳዳ አየሁ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተደረደረ። ስፓይክ የምንለው የመም መሮጫ ጫማ ሶሉ ላይ ጥርስ አለው። ሯጮች ሲረጋገጡ እንዲህ ያለ ቁስል ባትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይወጣል፣ ለእኔ አዲስ አይደለም። ወድቃ ተረግጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሳምንት ግን የወደቀ ሰው አልነበረም፤ ቁስሉም ከአንድ ምት በላይ ነበር። አልኮል ነካሁላት፣ ፕላስተር ለጠፍኩላት።

«አየህ አይደል?» አለችኝ ፊቷን እንደ ደፋች።

«አየሁ» አልኳት።

ሌላ የምለው ይኖር እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። እኔ ባቷን ማሸት ቀጠልኩ። ልዑልሰገድ ባሏ ብቻ አልነበረም፤ ዋና አሰልጣኙ እሱ ነው፣ ማን ካምፕ እንደሚቀር ማን እንደሚሸኝ የሚወስነው እሱ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚያድሩት ልጆች በየማታው ይሰሙ ነበር፣ እነሱም እንደኔ ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ነቅዟል፣ አርባ አራት ዓመት ስከተው ስለኖርኩ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ባየሁ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ፕላስተሩን ማልያዋ ሸፍኖት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ እኔም ሜዳ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። የደስታ ነው ብዬ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከሃሴት ጋር የማጽደቂያ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የተቀበለችን ረድኤት የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። ሥራዋን የምታውቅ፣ ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ነገሩን እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ገባኝ አባባ» አለች። «አሁን ቃሉን እዚህ ላይ ይበሉት። የምንመዘግበው ጽሑፍ ነው፣ እርስዎ ሲናገሩ ራሱ ይጽፈዋል።»

ጎንበስ ብዬ፣ «መ»ንም «ታ»ንም አጥብቄ፣ አንድም ሰው በማይሳሳትበት አኳኋን ተናገርኩ። ፊታችን ባለው ስክሪን ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

ትመታለች።

ረድኤት አየችው። ከዚያ የደብተሬን ገጽ አምጥታ ጎን ለጎን አቆመችው።

«ያው ነው ያሉት» አለች።

«ያው አይደለም» አለች ሃሴት። «ሰምተሽዋል እኮ፣ እኅቴ።»

«እኔ ሰምቻለሁ። የእኔ መስማት አይመዘገብም።» ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «በሌላ ቃል ቢሉትስ? ማን፣ ማንን፣ በምን፣ ስንት ጊዜ። እንደዚያ ከሆነ ሙሉ ቃል ይባላል፣ ተራኪው እንደ አዲስ ይሠራዋል። ግን ልንገርዎት፣ የእርስዎ ገጸ ባሕርይም አብሮ ይለወጣል።»

«ይለወጥ» አልኩ።

ተናገርኩ። ባሏ ልዑልሰገድ፣ ምንትዋብን፣ በስፓይክ ጫማ። እኔ አይቻለሁ፣ ቁስሉን አሽጌ ወደ ሩጫ ልኬያታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

«ስንት ጊዜ?»

ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሃሴት ግን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ሦስት ብዬ ነገሩን ላሳንሰው አልፈለግኩም። ያላየሁት ካየሁት እንደሚበልጥም አውቃለሁ።

«ብዙ ጊዜ» አልኩ።

ብዙ ጊዜ ተብሎ ተጻፈ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የታረመው ክፍል ሐሙስ ተላለፈ። ዘጠኝ ደቂቃ የፈጀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው በሩን ቆልፎ ጫማውን ከቦርሳ ሲያወጣ፣ ማሰሪያውን እጁ ላይ ሲጠመጥም፣ እሷ ልጇ እንዳትነቃ ድምፅ ላለማውጣት ትራሱን ስትነክስ። ትራሱን እኔ አልተናገርኩም። ከዚያ ወጣቱ ጥላዬ ፕላስተሩን ለጠፈና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጥርሱ አሁንም የተስተካከለ ነበር፣ ቁመቱን ግን ወደ እኔ ልክ መልሰውታል። ኮሚናሉ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ጣት የማሳረፉ ሰዓት ሲደርስ ከመቶ ዘጠና ስድስቱ አመነ። ወጥቼ ጀሪካኔን ስፈልጋት ከኋላ አገኘኋት። ማንም አልሰደበኝም፣ አቶ ዋሲሁን ብቻ ሰላምታዬን አልመለሰም። የሚገባኝ ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ።

ዓርብ ሃሴት ደወለች። «ክፍሌን መለሱልኝ» አለች። «የፈረሙት ወላጆች ይቅርታ ጠየቁኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።» ድምፇ ውስጥ እንቅልፍ ነበረበት፣ ብዙ ቀን ሳይተኛ ቆይቶ የተኛ ሰው ድምፅ። ያን ቀን ቀና ብዬ ሄድኩ።

ዓርብ ማታ «ተመልካች በጠየቀው መሠረት» የሚል ጽሑፍ ወጣና ልዑልሰገድ እንደገና በሩን ቆለፈ። አሁን ማድቤት ውስጥ ነበሩ። ቅዳሜ መኪና ውስጥ፣ ወደ አየር ማረፊያ ሲሄዱ። እሑድ በሰው አገር ሆቴል፣ ከውድድሩ ዋዜማ። ከሰኞ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ አልበቃቸውም፣ ሁለት ጊዜ ሆነ። ጫማው በየቀኑ እየቀረበ መጣ፤ የጥርሱ ጫፍ ላይ የመሙ ቀይ ላስቲክ ፍርፋሪ ሳይቀር ይታያል። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። የብሎኩ ሰው ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይሰለፍ ጀመር። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሴቶቹ «ምንቴ፣ እናቴ» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ነበር፣ ወንዶቹም ዐይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ያዝኑላት ነበር፣ በእውነት። ግን ሐዘኑ ጥሟቸዋል። ሲያልቅ ወዲያው የሚነሣ ስለሌለ ውኃው እንኳ ይዘገይ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ረድኤትን አገኘኋት።

«በዛ» አልኳት። «ይህን ሁሉ እኔ አልተናገርኩም።»

ፋይሉን ከፈተችና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አቆመች። «ቁጥር አልሰጡንም አባባ። ‹ብዙ ጊዜ› ነው ያሉት። ብዙ የሚያልቀው ተመልካች ሲበቃው ነው።»

«ሦስት በይው እንግዲህ።»

«የጸደቀውን መቀነስ አይቻልም። ወይ እንዳለ ይቆያል፣ ወይ ቃልዎን በሙሉ ያነሣሉ።»

ሃሴት በማግሥቱ መጣች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነበር። የሳብኩላትን ወንበር ትታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲጫወቱ አየኋቸው» አለች። «አንዷ መሬት ላይ ትተኛለች፣ አንዱ ጫማውን ያወልቃል። ሌሎቹ ቆመው ያለቅሳሉ። ማልቀሱም የጨዋታው አካል ነው። ምንትዋብ ማን ትሁን ብለው ሲጣሉ ነው የደረስኩት። ሁሉም መሆን ይፈልጋሉ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ጸድቋል። ነገ ራሴ ላስተምረው ነው፣ ‹ጫማው ስንት ጥርስ ነበረው› እያልኩ።» ዐይኗን ጨፈነች። «እኔ አላየሁም ነበር እኮ ጋሼ። ሕፃን ነበርኩ፣ አላስታውስም። አሁን አሥራ ሰባት ጊዜ አየሁ። የሞተች ሰው እንዴት አሥራ ሰባት ጊዜ... እኔ ነኝ ያስመታኋት። እኔ ለሥራዬ ብዬ።»

«እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ አንቺ አይደለሽም።»

«እንግዲያው እርስዎ ያንሡት።»

«ምኑን?»

«ቃሉን። ላልቶ ይነበብ።»

ደነገጥኩ። «እሷ መቺ ልትሆን? ውሸት ነው እኮ ልጄ። ስሟ...»

«ስሟ ይጥፋ። በስሟ የተሰየመውንም መንገድ ያንሡት።»

«ሥራሽስ?»

«ይውሰዱት።» ዐይኗን ገለጠች። «እውነቱን እኔና እርስዎ እናውቀዋለን፣ ይበቃል። በላላው ንባብ እንኳ ማንም አይነካትም።»

ብዙ ተከራከርኳት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተከራከርኳትም። እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ዐይኔን መክደን አልቻልኩም፤ በከደንኩ ቁጥር ያቺን ትራስ አያለሁ።

ረድኤት ወረቀቱን አዘጋጅታ ሰጠችኝ። «በእርጅና ምክንያት የማስታወስ ችሎታዬ ስለ ደከመ የሰጠሁት ሙሉ ቃል ስሕተት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ የመጀመሪያው ንባብ እንደሚጸና ተጽፏል።

«ይህ የመጨረሻው ነው አባባ። ሦስተኛ ቃል አንቀበልም። ከእርስዎ ሌላ ደግሞ በዐይኑ ያየ፣ በሕይወት ያለ ምስክር የለም።»

«አውቃለሁ።»

ብዕሩን ያዝኩ። ከዚያ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ሰው፣ «እውነቱ ግን የቱ ነው?» አለችኝ።

«ጽሑፉን እዪው።»

«አየሁት። ሁለቱንም ይላል።»

ፈረምኩ። ሃሴት በር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር፤ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ክንዴን ይዛ ደረጃውን አወረደችኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሃሴት ወደ እኛ ብሎክ መጣች። በዚያ ቀን ጠዋት ከትምህርት ቤት የስንብት ደብዳቤ ደርሷታል፣ በእጇ ይዛው ነበር። እንግዳም ቢሆን ጣቱን ማሳረፍ ስለሚችል አብረን ገባንና ኋላ ተቀመጥን። ሰው ወንበሩን ይዞ ሞልቷል።

ተጀመረ። ምንትዋብ በሩን በርግዳ ገባች። ልጅቷን ጸጉሯን ይዛ በጥፊ መታቻት፣ ደገመቻት። ወጣቱ ጥላዬ በሩ ላይ ቆሞ «በቃ» አለ። ልዑልሰገድ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው እግሩ ላይ ነው፣ ማሰሪያው እንደታሰረ። ከፊት ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አቶ ዋሲሁን «ይኼን አይተነው የለም እንዴ» አለ። አንዲት ሴት ወንበሯን አጥፋ ተነሣች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ «እኔማ መጀመሪያውኑ ፊቷ አላማረኝም ነበር» ሲል ሰማሁ።

ሃሴት አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለች ትጮህ ነበር፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ክንዷ ጠንካራ ነው፣ ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ሃሴት እስኪያልቅ ድረስ ዐይኗን ሳትነቅል አየቻት። ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዛሬ ደህና አመሸች» አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ በሰዎቹ መካከል አለፈችና አውራ ጣቷን በስተቀኝ አሳረፈች።